ወደ ታች የታጠፈው ጋንቾ

ደቡብ ኦሞ፣ የውሃ ቁፋሮ ካምፕ
ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐዳስዬ፣

እንደምን ነሽ ብዬ ልጀምር ነበር። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ ሳነበው ግን ከሚገባው በላይ ደህና መሆንሽ ስለገባኝ ተውኩት። እኔም አለሁ። እዚህ ከረፋዱ አምስት ሰዓት በኋላ ብረት በባዶ እጅ አይነካም። ውሃ ለማውጣት መሬት ስንበሳ የምንውል ሰዎች ለመታጠቢያ ውሃ ተራ እንጠብቃለን። ኔትዎርክ ስለሌለ ስልኬ ሰዓት ማያ ብቻ ሆኗል። ጋሽ ደረሰ በየአሥራ አምስት ቀኑ ከሀዋሳ ነዳጅ ይዞ ሲመጣ ሌላው ሰው ቦቴውን ያያል፣ እኔ የሸሚዙን ኪስ አያለሁ።

ስለ ጋንቾው፣ ስለ ተሳቢ መጎተቻው ብረት ለጠየቅሽኝ፦ የት እንዳለ አላውቅም። ከመኪናዋ መቀመጫ ሥር ፈልጊ። ጋራዥ ጥዬው ይሆናል፣ ወይም የጎረቤት ሰው ተውሶ ረስቶት ይሆናል። መቼም እንደዚያ ያለ ብረት ለማንም አይጠቅምም፤ ለእኛዋ መኪና፣ ለሰጎን ብዬ ራሴ አጥፌ የበየድኩት ነው። ሰፈሩ ሰጎን ያላት አለምክንያት አይደለም። ባሌስትራ ጨምሬ፣ ትልልቅ ጎማ አልብሼ እግሯን ካስረዘምኳት ወዲህ ኋላዋ የሰው ወገብ ጋ ደርሷል። እዚያ ላይ ቀጥ ያለ ብረት ሰክተሽ ተሳቢ ካያያዝሽ፣ የተሳቢው አፍንጫ ወደ ሰማይ ይነሳና ክብደቱ ሁሉ ወደ ጭራው ይሄዳል። ጭራው የከበደ ተሳቢ ደግሞ መንገድ ላይ ይወዛወዛል። ወደ ታች የታጠፈው ጋንቾ ከሌለ መጎተት የለም ማለት ነው። ስለዚህ እስክመጣ መኪናዋ ግቢ ትቁም።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። ሔኖክ ጀልባውን የሚያስጎትትበት መኪና ከሀዋሳ ሁሉ ጠፍቶ ነው የእኛን በር የሚያንኳኳው? ጀልባ ሠሪ መሆኑን አውቃለሁ። ድሮ አንድ መዘምራን ውስጥ አብራችሁ እንደነበራችሁም አውቃለሁ፤ ድምፁ ጥሩ እንደነበርም ስንት ጊዜ ነግረሽኛል። ግን በዜማ ጀልባ አይጎተትም። መኪናዋን የሚነዳት ማን ሊሆን ነው ያሰባችሁት?

እህቴን ብርቅዬን ሳሚልኝ። ከአንቺ ጋር መኖሯ ደስ ይለኛል፤ ቢያንስ ቤት ውስጥ የሚያይ ዓይን አለ።

ኤልናታን

—

ሀዋሳ፣ ባህል አዳራሽ ክፍለ ከተማ
ኅዳር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኤልኔ፣

የሚያየው ዓይን ሰላም ይልሃል። አሁን አጠገቤ ቁጭ ብሎ የነገ ፈተናውን ያጠናል፤ «ሰላይ አድርጎ ነው እንዴ የተወኝ?» እያለም ይስቃል።

ሙቀቱ ሲብስ ራስህን ሸፍን። የላክሁልህ ነጭ ነጠላ ለጌጥ አይደለም። ቆሎውን ለብቻህ አትጨርሰው።

ጋንቾውን ከመቀመጫው ሥር ፈለግሁ። ጋራዥም ሄጄ ጠየቅሁ። ጎረቤት ሁሉ ጠየቅሁ፣ ሁሉም ጋንቾ ምን እንደሆነ ሊያስረዱኝ ሞከሩ እንጂ ያየው የለም። እስቲ አስበው ኤልኔ። ዕቃ ስትሸክፍ ተቻኩለህ ነበር። ድንገት ከአንተ ጋር ሄዶ እንዳይሆን? ከሄደም ምንም አይደለም፣ ሰው ይሳሳታል። ለጋሽ ደረሰ ስጠው፣ ይዞልኝ ይመጣል፣ ነገሩም በዚያው ያልቃል።

ሔኖክ ሦስት ጀልባ ጨርሶ ለፊቼ ማድረስ አለበት። በበዓሉ ሰው ሁሉ ከጉዱማሌ ወደ ሐይቁ ሲወርድ ጀልባዎቹ ውሃ ላይ መሆን አለባቸው። የሠራቸው ከታቦር ተራራ ሥር ባለው ግቢው ውስጥ ነው፤ ከዚያ ወደ ውሃ የሚያወርድለት ደግሞ ከበድ ያለ መኪና ይፈልጋል። እኛ ጋ ከበድ ያለ መኪና ቆሟል። ዶሮዎቹ ከሥሯ ገብተው መተኛት ጀምረዋል። ይኸው ነው ነገሩ፤ ሌላ ነገር ፈልገህ አትድከም።

ማን ይነዳታል ላልከው፦ የሚችል ሰው።

ሐዳሳ

—

ደቡብ ኦሞ
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐዳስዬ፣

ይህን ደብዳቤ ለጋሽ ደረሰ አልሰጠውም። አሁኑኑ ካልጻፍኩት ግን ነገ ለአንዱ የቁፋሮ ሠራተኛ እነግረውና መሳቂያ እሆናለሁ።

ጋንቾው እዚህ ነው። አልጋዬ ሥር፣ በአሮጌው ሰማያዊ ሹራቤ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። አሥራ አራት ኪሎ ብረት ከካልሲና ከሸሚዝ ጋር ሸክፌ ሁለት ቀን ተጓዝኩ። ይዤው የሄድኩት ተሳስቼ አይደለም። የሄድኩ ዕለት ጠዋት አንቺ ምሳ ስትቋጥሪልኝ እኔ ከመኪናዋ ኋላ ተንበርክኬ ቡሎኑን ስፈታ ነበር።

ምክንያቱን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ከዚያ በፊት በነበረው ቅዳሜ ሔኖክ መኪናዋን ሊጠይቅ መጥቶ በር ላይ ቆማችሁ ስታወሩ በመስኮት አየኋችሁ። የሆነ ነገር ነገረሽና ሳቅሽ። ሐዳሳ፣ አፍሽን ሳትሸፍኚ ነው የሳቅሽው። ከእኔ ጋር ስትስቂ እጅሽን አፍሽ ላይ ታደርጊያለሽ። መቼ እንደጀመርሽው አላስታውስም፤ ግን ሁልጊዜ ነው። እሱ ፊት ግን ጥርስሽ ሁሉ እስኪታይ ሳቅሽ። ያን ጊዜ ልቤ ውስጥ የሆነ ነገር ተቃጠለ፤ እስካሁንም አልጠፋም።

መኪናዋ ከሄደች እሱ ጋቢና ውስጥ ይቀመጣል፣ አንቺም አጠገቡ ትቀመጫለሽ ብዬ አሰብኩ። እኔ ያስረዘምኳት መኪና ላይ፣ እኔ በገዛሁት የመቀመጫ ልብስ ላይ። ጋንቾው ከሌለ መጎተት የለም፤ መጎተት ከሌለ ሔኖክ የለም። ሒሳቡ ቀላል መስሎኝ ነበር።

ከአንተ ጋር ሄዶ እንዳይሆን ስትይኝ «አዎ» ብዬ መመለስ እችል ነበር፤ በሩን ወለል አድርገሽ ከፍተሽልኛል። ግን አሁን ብልከው ሔኖክ ያሸንፈኛል። ይህ እንደ ልጅ ነገር መሆኑን አውቃለሁ። ግን ልጅነት መሆኑን ማወቄ ቅናቴን አላቀለለልኝም።

ይህን አጣጥፌ ከብረቱ ጋር ሹራቡ ውስጥ እከተዋለሁ።

ኤልናታን

—

ደቡብ ኦሞ
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐዳሳ፣

ቆሎው ደርሷል፣ አመሰግናለሁ። ነጠላውም ጥሩ ነው።

ጋንቾው እኔ ጋ የለም። ሻንጣዬን ፈትሻለሁ።

ጋሽ ደረሰ አንድ ነገር ነገረኝ። ባለፈው ሳምንት ሀዋሳ ሲያድር ሰጎኗ በጉዱማሌ በኩል ጀልባ ስትጎትት አይቷታል። ሔኖክ ከጋቢናዋ ሲወርድም አይቶታል። በምን አያይዛችሁ ነው የጎተታችሁት? በቀጥተኛው ብረት ከሆነ ሥራው የእብድ ሥራ ነው። ደግሞስ የኔን መኪና እሱ እንዲነዳት የፈቀደው ማን ነው? ይህን በግልጽ መልሽልኝ። «የሚችል ሰው» የሚል መልስ ድጋሚ እንዳትልኪልኝ።

ኤልናታን

—

ሀዋሳ፣ ባህል አዳራሽ
ታኅሣሥ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኤልኔ፣

የመጨረሻው ደብዳቤህ ላይ ሰላምታ የሚባል ነገር ፈልጌ አጣሁ። ስለዚህ የሁለታችንንም ድርሻ እኔ ልበል፦ ሰላም ነህ? አዎ፣ ሰላም ነኝ። አንቺስ? እኔም።

ጋሽ ደረሰ ያየው ልክ ነው። ሔኖክ ከጋቢና ወርዷል፤ የወረደው ግን በቀኝ በኩል ነው። የሰጎኗ መሪ ደግሞ በግራ ነው። መሪው ላይ የነበርኩት እኔ ነኝ። ጋሽ ደረሰ ቁመቴ አጥሮ አላየኝም መሰለኝ፤ በሷ ላይ ስቀመጥ ከመስኮቱ በላይ የሚታየው ሻሼ ብቻ ነው።

መንጃ ፈቃድ ያወጣሁት አምና ነው። «አንቺ ሰጎኗ ላይ ለመውጣት መሰላል ያስፈልግሻል» ብለህ ከጓደኞችህ ጋር የሳቅህ ዕለት ሄጄ ተመዘገብኩ። ሥራ ትርፍ ሰዓት አለብኝ ያልኩህ ቅዳሜ ሁሉ እዚያ ነበርኩ። ፈቃዱን ካወጣሁ በኋላ ልነግርህ ፈልጌ ነበር፤ ቀኑ ሳይመቸኝ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ይህ የኔ ጥፋት ነው፣ ይቅርታ።

ተሳቢ ይዞ ወደ ኋላ መሄድን ማን አስተማረሽ ትለኝ ይሆናል። አንተ ነህ። አምና ለፊቼ የሰው ጀልባ ልታስገባ ሐይቁ ዳር አርባ ደቂቃ ስትታገል ቆሜ ነበር። ወደ ግራ እንዲሄድልህ ስትፈልግ መሪውን ወደ ግራ ታዞራለህ፤ ተሳቢው ደግሞ ወደ ቀኝ ይሄዳል። እንደገና ታዞራለህ፣ እንደገና ይታጠፋል። በመጨረሻ ስምንት ሰው በእጁ ገፍቶ አስገባልህ። እኔ አንተ ያዞርክበትን ሁሉ ተቃራኒውን አደረግሁ፣ ያውም መሪውን ከታች ይዤ። በመጀመሪያው ሙከራ ገባ። ዓሣ ሻጮቹ አጨበጨቡልኝ። ብታየኝ ብዬ ተመኘሁ፣ እውነቴን ነው።

የጎተትኩት ትንሿን ጀልባ ብቻ ነው፣ በቀጥተኛው ብረት፣ እንደ ሰው እርምጃ ቀስ ብዬ። ሁለተኛዋም ትንሽ ናት፤ እሷንም እንደዚያው አወርዳታለሁ። ትልቁን ጀልባ ግን ያለ ጋንቾው አልሞክረውም፤ ሔኖክም እንዳትሞክሪው ብሎኛል።

ስለዚህ አንዴ ልጠይቅህ፣ ለመጨረሻ ጊዜ። ጋንቾው አንተ ጋ ነው? አልቆጣም።

ሐዳሳ

—

ደቡብ ኦሞ
ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐዳሳ፣

አርባ ደቂቃ አልነበረም። ሠላሳ ቢሆን ነው። ነፋስም ነበር።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ቀን ጀምሮ ሥራ አልያዝልህ አለኝ። ትናንት የፓምፑን ክዳን ገልብጬ ገጠምኩና አለቃዬ «ምን ሆነሃል?» አለኝ። ሚስቴ መኪና ትነዳለች አልኩት። «ታድለህ» አለኝ። የገባው ነገር የለም።

ልንገርሽ፣ ቀናሁ። በሔኖክ መቅናትስ የለመድኩት ነው፤ ቢያንስ እሱ ወንድ ነው፣ ሊጠሉት ይቻላል። አሁን ግን የቀናሁት በአንቺ ነው። ባሌስትራ የጨመርኩት እኔ፣ ጎማውን ያለበስኩት እኔ፣ ጋንቾውን የበየድኩት እኔ፤ የተጨበጨበልሽ አንቺ። እኔ ያኔ ሰው ሁሉ እያየኝ ላቤ ሲንጠባጠብ የነበረበት ቦታ ላይ አንቺ በአንድ ጊዜ አስገባሽ። ይህን ለእኔ ጽፈሽ መላክሽስ? «ብታየኝ» ትያለሽ። ባለማየቴ ደስ ብሎኛል።

ደግሞም ትንሽ ጀልባ ማንም ይጎትታል። ብርቅዬም ትጎትተዋለች። አስጨብጭቤያለሁ የሚል ሰው ትልቁን ይጎትትና ያን ጊዜ እናያለን።

ስለ ጋንቾው ሦስተኛ ጊዜ ጠየቅሽኝ። አላየሁትም። የት እንዳለ አላውቅም። ደግመሽ አትጠይቂኝ።

ኤልናታን

—

ሀዋሳ፣ ባህል አዳራሽ
ጥር 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኤልናታን፣

የእጅ ጽሑፉ የእኔ ስላልሆነ አትደናገጥ። ብርቅዬ ናት የምትጽፍልኝ፤ ጣቴን ትንሽ አሞኝ ነው። ሌላው ሁሉ ደህና ነው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። ደግመሽ አትጠይቂኝ ስላልከኝ አልጠየቅሁም።

ትልቁ ጀልባ ገና ውሃ ውስጥ አልገባም። መኪናዋ ግቢ ቆማለች፣ እንደፈለግከው።

ሹራብ ልኬልሃለሁ። የሰማያዊው ክርኑ አልቆ ነበር።

ሐዳሳ

—

(በዚያው ፖስታ ውስጥ፣ ከደብተር በተቀደደ ቁራጭ ወረቀት ላይ)

ወንድም ጋሼ፣

ይህን ማስገባቴን እሷ አታውቅም። የኔ ጽሑፍ ስለሆነ አንዱን ወረቀት ከሌላው አትለየውም ብዬ ነው።

ጣቷን አይደለም። ቀኝ እጇ ከአንጓው በላይ ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ ጀሶ ውስጥ ነው። ደብዳቤህን ያነበበች ዕለት ምሳ ሳትበላ ወጣችና ሔኖክ ጋ ሄደች። ሔኖክ በቀጥተኛው ብረት አይሆንም ብሎ በሩ ላይ ቆመባት። «ባለቤቱ ራሱ ጎትቺው ብሏል» አለችው። ከዚያ ከታቦር ሥር ባለው ቁልቁለት ላይ ተሳቢው ይወዛወዝ ጀመር፣ ኋላ መኪናዋንም ይዟት ዞረ። መሪው ተሽከርክሮ ነው እጇን የመታት። መኪናዋ ቦይ ውስጥ ገብታ ቆመች። ፊት ለፊቷ ይመጣ የነበረ ሰኢድ የሚባል ባጃጅ ነጂ ሦስት ተማሪዎች ጭኖ ነበር፤ ጀልባው የቆመው ከባጃጁ አንድ እርምጃ ላይ ነው። እሱ ነው አንስቶ ሆስፒታል ያደረሳት።

ጋሽ ደረሰንም እንዳይነግርህ አስምላዋለች። እኔን ግን ማስማል ረሳች።

ጀሶው ውስጥ እጇን ሲበላት በሹራብ መርፌ ታካለች። ሹራቡን ስትሠራልህ የነበረችበት መርፌ ነው። አንገቱን የጨረስኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ከጠበበህ እኔን ውቀሰኝ።

ብርቅዬ

—

ደቡብ ኦሞ
የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሐዳስዬ፣

ብርቅዬን አትቆጫት። ጋሽ ደረሰንም አትቆጪው፤ ባለፈው ሲመጣ ፖስታውን ሰጥቶኝ ዓይኔን ሳያይ ወደ ቦቴው ተመለሰ፤ ያኔ ነው ነገር መኖሩ የገባኝ። ቁራጯን ወረቀት ካነበብኩ በኋላ የት እንደሄድኩ አላውቅም። ሠራተኞቹ ከጉድጓዱ ጀርባ ቁጭ ብዬ ነው ያገኙኝ።

ይህን ደብዳቤ ጋሽ ደረሰ ከአንድ ከባድ ነገር ጋር ነው የሚሰጥሽ። በሰማያዊው ሹራብ ተጠቅልሏል። ጋንቾው ነው። ውስጡ ታኅሣሥ ላይ ጽፌ ያልላክሁት ወረቀት አለ፤ እሱን መጀመሪያ አንብቢው። ሁሉም እዚያ ውስጥ ስላለ እዚህ ማሳመር አልፈልግም።

ሦስት ጊዜ ጠየቅሽኝ፣ ሦስት ጊዜ ዋሸሁሽ። ሦስተኛው ላይ መዋሸት ብቻ አይደለም፣ ገፋሁሽ። ትልቁን ይጎትትና እናያለን ስል፣ ብረቱ ከአልጋዬ ሥር እግሬን እየነካኝ ነበር። አትችልም ብዬ ነው። እንዳትችይ ፈልጌ ነው። እንድትጎጂ ግን አልፈለግሁም፤ ይህን እመኚኝ ለማለት አፍ የለኝም፣ ብቻ ጻፍኩት። ተሳቢ እንዴት እንደሚወዛወዝ ኅዳር ላይ በራሴ እጅ ጽፌልሻለሁ። አላወቅሁም ነበር ማለት እንኳ አልችልም። እነዚያ ሦስት ተማሪዎች ከዓይኔ አልጠፉም፤ አይቻቸው አላውቅም፣ ግን አሉ።

ውሉ ሊያልቅ አንድ ወር ቀርቶታል። አለቃዬን አሁን ልሂድ ብዬ ለመንኩት፣ ምትክ የለኝም አለ። ጥዬው መምጣት እችላለሁ። ና ካልሽኝ በጋሽ ደረሰ ቦቴ ላይ ተሳፍሬ እመጣለሁ። አትምጣ ካልሽኝም ይገባኛል።

ጋንቾውን ስታስገጥሚ ትልቁ ቡሎን ላይ ሁለት የቡሎን መክደኛ ይገባል፤ አንዱ ሁለተኛውን እንዳይላላ ይይዘዋል። በግራ እጅሽ አትሞክሪው። ሔኖክ ይግጠምልሽ። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ አንድ ሰዓት ፈጅቶብኛል፤ ግን ይኸው ጻፍኩት። በሩ ላይ ቆሞ ስለከለከለሽም አመሰግነዋለሁ። እኔ ማድረግ የነበረብኝን ነው ያደረገው።

ይቅርታ አድርጊልኝ። ዛሬ ካልቻልሽ ቆይተሽም ቢሆን።

ኤልናታን

—

ሀዋሳ፣ ባህል አዳራሽ
የካቲት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኤልናታን፣

ይህን የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ፊደሎቼ የሰከሩ ቢመስሉህ አትሳቅ። ብርቅዬ ልጻፍልሽ አለች፣ ይህን ግን በሰው እጅ ማጻፍ አልፈለግሁም።

ጋንቾው አንተ ጋ መሆኑን ከመጀመሪያው ቀን አውቅ ነበር። መናኸሪያ ሻንጣህን ወደ አውቶቡሱ ጣሪያ ሲያወጡት ሁለት ሰው ተቸገረ። ሠራተኛው «ወንድሜ፣ ምንድን ነው የያዝከው?» ሲልህ «መጽሐፍ ቅዱስና የመዝሙር መጽሐፍ ነው» አልከው። ኤልናታን፣ መጽሐፍ ቅዱስህ ራስጌህ ላይ ነው የቀረው። ቤት ስገባ አየሁት። ወደ ግቢ ወጥቼ የመኪናዋን ኋላ ሳየው ቡሎኖቹ እንኳ የሉም። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ኋላ ደግሞ ያን ሁሉ ብረት ተሸክመህ ስትሄድ ታየኝና ሳቅሁ።

እንግዲህ ለምን ጠየቅሽኝ ትላለህ። እንድትነግረኝ ነው። ብረቱን ፈልጌው ቢሆን ቶርኖ ቤት ሄጄ ሌላ አሠራ ነበር፤ ሔኖክም ላሠራልሽ ብሎኝ ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። ከአንተ እጅ እንዲመጣልኝ ፈለግሁ። ሦስት ጊዜ በር ከፈትኩልህ፣ ሦስት ጊዜ ዘጋኸው። ሦስተኛው ላይ እልህ ያዘኝ። ቁልቁለቱ ላይ የወረድኩት አንተ ስለገፋኸኝ ብቻ አይደለም፤ አደገኛ መሆኑን እያወቅሁ ነው የወረድኩት። አንተ በቅናት፣ እኔ በእልህ፣ የሰው ልጆችን ልንገድል ነበር። ሰኢድ ጋ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። የልጆቹም ቤት ሄጃለሁ። የአንዷ እናት አላናገረችኝም፣ እውነቷን ነው። አንተም ስትመጣ ትሄዳለህ።

ያልላክኸውን ወረቀት አነበብኩት። ስስቅ አፌን ስለመሸፈኔ መቼ እንደጀመርሽው አላስታውስም ብለሃል። እኔ አስታውሳለሁ። አምና ሐይቁ ዳር ተሳቢው ለአራተኛ ጊዜ ሲታጠፍብህ ሳቅ አመለጠኝ፣ አንተም በመስታወት አየኸኝ። አምስት ቀን አኮረፍከኝ። ከዚያ ወዲህ ነው አንተ ፊት ስስቅ የምሸፍነው። ሔኖክ ፊት የማልሸፍነው ቢያኮርፍ ግድ ስለሌለኝ ነው። ይህን ያህል ነው ያ ሁሉ ቅናትህ።

ይቅርታውን በሚመለከት፣ ዛሬ አልቻልኩም። ግን እየሞከርኩ ነው፤ በግራ እጅ እንደመጻፍ ቀስ እያለ ይመጣል።

ጋንቾውን ሔኖክ ገጠመው፣ ከሁለቱም መክደኛ ጋር። ባዶውን ተሳቢ አያይዘን አየነው፤ ከመሬት ጋር ልክ ሆኖ ቀጥ ብሎ ቆመ። ብየዳህ ጥሩ ነው። ሔኖክ «የተመታውን ጀልባ ጠግኜ ጨርሻለሁ፣ እጅሽ እስኪድን እኔ ልንዳልሽ?» አለኝ። እምቢ አልኩት። ጀሶው በወሩ መጨረሻ ይፈታል፣ ለፊቼ ይደርሳል።

ሥራህን ጥለህ አትምጣ። ውልህን ጨርሰህ፣ ሻንጣህን በአንድ እጅህ አንጠልጥለህ ና። ትልቁን ጀልባ እስክትመጣ እጠብቅሃለሁ። ከታቦር ሥር ጀምሮ በጉዱማሌ በኩል እስከ ሐይቁ ድረስ እኔ እነዳለሁ፣ አንተ በቀኝ በኩል ትቀመጣለህ። ውሃው ዳር ስንደርስ ወርደህ ከኋላ ትቆምና «ነይ፣ ነይ፣ ቁሚ» እያልክ ታስገባኛለህ። ጮክ ብለህ ነው ታዲያ፣ ዓሣ ሻጮቹ ሁሉ እንዲሰሙ።

ያን ቀን ሳቅ ከመጣብኝ አፌን አልሸፍንም።

ሐዳሳ